በሬም በቀትር ይፈታል፦ ስለ ረዥሙ የቢሮ ቀን



በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ረዥም ቀን ስለ መሥራት ነው። ርዕሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከልጆቻችን፣ ከእህቶቻችንና ከወንድሞቻችን መካከል ኡልፓናቸውንና የሙያ ሥልጠናቸውን ጨርሰው በማዘጋጃ ቤት፣ በባንክ፣ በኩፓት ሖሊም ጽሕፈት ቤት፣ በስልክ መልስ መስጫ ማዕከልና በመሳሰለው ቦታ ሥራ የሚጀምሩ አሉ። ሥራው ሸክም የለበትም፣ ፀሐይም አያስመታም፤ ስለዚህ ቤተሰብ «ተቀምጦ መዋል ደግሞ ምን ያደክማል?» ይላል። ሠራተኛው ግን ማታ ቤቱ ሲገባ እግሩን መጎተት ያቅተዋል፤ ልጁ ሲያናግረው አይሰማም፤ እራቱን ሳይጨርስ ያንቀላፋል። ጥቂት ወራት እንዲህ ከሆነ በኋላ «ይህ ሥራ ለእኔ አይሆንም፤ አልችለውም» ብሎ ለመተው የሚያስብም አለ።

የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ሰውና ለቤተሰቡ ነው። ልናስረዳ የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው። ድካሙ የስንፍና ወይም የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም። ጉልበት እንደ ገንዘብ በዕቅድ የሚወጣ ነገር ነው፤ በመሐል ማረፍም የሥራው አንዱ ክፍል ነው።

በመጀመሪያ የቀኑን ርዝመት እንቁጠር። በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለመድነው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነበር። መሐሉ ላይ አንድ ሙሉ ሰዓት አለ፤ ቤቱ ቅርብ የሆነ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ምሳውን ከቤተሰቡ ጋር በልቶ ይመለስ ነበር። በዚህ አገር ቀኑ እንዲያ በሁለት አይከፈልም። ከኤፕሪል 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ የሥራ ሳምንት 42 ሰዓት ነው። በሳምንት 5 ቀን በሚሠራበት ቦታ ይህ በአብዛኛው በ4ቱ ቀን 8 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ በአንዱ ቀን ደግሞ አንድ ሰዓት ያነሰ ሆኖ ይከፋፈላል። በዚህ ላይ ሀፍሳካውን፣ ማለትም በሥራ መሐል ያለውን ዕረፍት፣ 45 ደቂቃ ብላችሁ ጨምሩ፤ ለአውቶቡስም መሄጃና መመለሻ አንድ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ በዚህ አገር አቆጣጠር 6፡30 ላይ ከቤቱ የወጣ ሰው ማታ 12 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይመለሳል ማለት ነው። ይህ ከ11 ሰዓት በላይ ነው። «ተቀምጦ ዋለ» የሚባለው ሰው ቀኑ ይህን ያህል ነው።

ሁለተኛው ነገር የድካሙ ምንጭ ነው። ለረዥም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ሰው ደሙ በእግሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ይዘዋወራል፤ ወገቡና ትከሻው ይደርቃል። የኮምፒዩተር መስኮት ላይ ያፈጠጠ ዓይን የሚርገበገበው ከወትሮው ባነሰ ጊዜ ስለሆነ ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ቋንቋው ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው የዕብራይስጡን ቃል ግማሹን ሰምቶ ሙሉውን ይረዳል። አዲስ መጪው ግን መጀመሪያ ይሰማል፣ ቀጥሎ በልቡ ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ መልሱን ያስባል፣ ወደ ዕብራይስጥ ይገለብጣል፣ «ለሴት ነው ወይስ ለወንድ የምለው?» ብሎ ይመረምራል፤ ከዚያ በኋላ ይናገራል። ይህን ሁሉ በቀን ብዙ ጊዜ ሲያደርገው፣ በአንድ ሠራተኛ ሥራ ላይ የአንድ አስተርጓሚ ሥራ ደርቦ እየሠራ ነው። ሊደክመው ይገባል!

ታዲያ ምን ይደረግ? እናቶቻችንና አባቶቻችን መልሱን ያውቁታል። በአገር ቤት ያረሰ ሰው በሬዎቹን በማለዳ ይጠምዳል፤ ፀሐይ ሲበረታ ይፈታል፤ ውኃ ያጠጣል፤ ጥላ ላይ ያሳርፋል። ፈትቶ በማሳረፉ ሰነፍ ያለው ሰው የለም። ሳይፈታ የዋለውን ግን ጎረቤቱ «በሬዎቹን ሊገድላቸው ነው» ይለዋል። ለበሬ የምናውቀውን ለራሳችን ስንሆን እንረሳዋለን። ለዚህም ምክንያቱ ይሉኝታ ነው። «አለቃዬ ተቀምጦ ሳለ እንዴት እነሣለሁ? አዲስ ነኝ፤ ምን ይሉኛል?» ብለን ምሳችንን ኮምፒዩተሩ ፊት እንበላለን፤ ውኃም እየጠማን እንቆያለን። በዚህ አገር ያለ አለቃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዝምታችንን እንደ አክብሮት አይቆጥረውም። ዝም ያለውን ሰው «ገብቶታል፣ ተመችቶታል» ብሎ ሌላ ሥራ ይጨምርለታል፤ አለዚያም «አልገባውም» ብሎ ያስባል።

ዕረፍት ልመና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የእስራኤል የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ መሠረታዊ ደንብ፣ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ በሚሠራበት ቀን ሥራው ቢያንስ ለ45 ደቂቃ እንዲቋረጥ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 30 ደቂቃው በአንድ ጊዜ ሳይቆራረጥ እንዲሰጥ ይላል። በሰንበትና በበዓል ዋዜማ ግማሽ ሰዓት ነው። ዝርዝሩ እንደ ሥራው ዓይነትና እንደ ሥራ ውሉ ስለሚለያይ፣ የእናንተ ሀፍሳካ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከደመወዝም ይቆጠር እንደሆነና እንዳልሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቃችሁ ዕወቁ። ካወቃችሁ በኋላም ተጠቀሙበት። ከወንበራችሁ ተነሥታችሁ ውጡ፤ ምሳችሁን ሌላ ቦታ ብሉ፤ ቢቻል 10 ደቂቃ ያህል በእግራችሁ ተራመዱ። ከምግብ በኋላ ትንሽ መራመድ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በላይ እንዳይወጣ ይረዳል፤ የከሰዓቱንም እንቅልፍ ያቀላል።

ከትልቁ ሀፍሳካ ሌላ ትንንሽ ዕረፍቶች ያስፈልጋሉ። በየ45 ደቂቃው ወይም በየሰዓቱ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ተነሡ። ለዚህ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ውኃ መቅዳት፣ ወረቀት ማምጣት፣ ስልክ ቆሞ ማነጋገር፣ በአሳንሰር ፋንታ በደረጃ መውጣት ይበቃል። ለዓይን ደግሞ ሐኪሞች የሚመክሩት ቀላል ዘዴ አለ፤ በየ20 ደቂቃው ዓይንን ከኮምፒዩተሩ አንሥቶ 6 ሜትር ያህል የሚርቅ ነገርን ለ20 ሴኮንድ ማየት ነው። ወንበራችሁንም እግራችሁ መሬት እንዲረግጥ አድርጋችሁ አስተካክሉት፤ የመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ጋር ትክክል ይሁን።

ሥራውንም እንደ ጉልበታችሁ ደልድሉት። አብዛኛው ሰው አእምሮው ንቁ የሚሆነው ከቀትር በፊት ነው። ስለዚህ ብዙ ዕብራይስጥ ማንበብና መጻፍ የሚጠይቀውን፣ ስሕተት የማይወደውን ሥራ ጠዋት ጀምሩት። ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ገደማ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ የሰው አካል በተፈጥሮው የሚዝልበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ወረቀት ማደራጀትን፣ መዝገብ ማስተካከልን፣ ቀላል ስልክ መመለስን አድርጉ።

በቋንቋው ላይ የሚባክነውን ጉልበት ለመቆጠብ ትንሽ ደብተር ያዙ። በየመሥሪያ ቤቱ የሚመላለሱት ቃላት ያን ያህል ብዙ አይደሉም። በቀን 5 ቃል ብትጽፉ በወር ውስጥ ከ100 በላይ ይሆናል፤ ትናንት ያደከማችሁ ቃል ዛሬ በራሱ ይመጣል። ያልገባችሁን ነገር ገባኝ ብላችሁ አትለፉ። «ሌአት ሌአት፣ ቤቫካሻ»፣ ማለትም «እባክዎ ቀስ ይበሉ»፣ ወይም «ኦድ ፓአም፣ ቤቫካሻ»፣ ማለትም «እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» ማለት ነውር የለበትም። ረዘም ያለ ትእዛዝ ሲሰጣችሁ በጽሑፍ እንዲላክላችሁ ጠይቁ። ሳይገባ የተሠራ ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። ቁርስ ሳይበሉ ወጥቶ፣ ቀትር ላይ ከመጠን በላይ በልቶ፣ በላዩ የጠርሙስ ጣፋጭ መጠጥ መጠጣት ለእንቅልፍ የተመቸ ነው። ከዚህም የባሰ ጉዳት አለው። ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ሲመጡ የስኳር በሽታ እምብዛም ያልነበረባቸው ሲሆን፣ እዚህ ከኖሩ በኋላ ግን በሽታው በመካከላችን እየበዛ መምጣቱን ሐኪሞች አይተዋል። መራመድ መቀነሱና ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ መብዛቱ ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። ስለዚህ ምሳችሁን ከቤት ያዙ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን በመጠን ከሆነ ጥሩ የቢሮ ምሳ ነው። በመሐል ሲርባችሁ ከብስኩት ይልቅ የገብስ ወይም የሽምብራ ቆሎ ያዙ፤ ውኃም አጠገባችሁ አይጥፋ።

ስለ ቡናም አንድ ነገር እንበል። በአገራችን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ስንጠጣ የሚያሳርፈን ቡናው ብቻ አልነበረም፤ መቀመጡ፣ ጨዋታው፣ ጎረቤቱ ነበር። ቢሮ ውስጥ ብቻችንን ፈጥነን የምንጨልጠው ሲኒ ያን ዕረፍት አይሰጥም፤ ድካሙን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍነዋል እንጂ። በቡና ውስጥ ያለው የሚያነቃው ነገር፣ ማለትም ካፌይን፣ ከጠጣን ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ እንኳ ግማሽ ያህሉ በሰውነታችን ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የሥራ ቀን የመጨረሻውን ቡና ከምሳ ጋር ብታደርጉት ለሌሊቱ እንቅልፍ ይበጃል። ነፍሰ ጡሮች ስለ መጠኑ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

እስካሁን የተናገርነው ለሠራተኛው ነው። ቀሪው ለቤተሰብ ነው። በአዲስ መጪ ቤት ውስጥ ቢሮ የሚሠራው ሰው ብዙውን ጊዜ ዕብራይስጥ የሚያነበውም እርሱ ነው። ስለዚህ ማታ ጫማውን ሳያወልቅ የቢቱአሕ ሌኡሚ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የመብራት ሒሳብ ይቀርብለታል። ቀኑን ሙሉ ሲተረጉም የዋለ ሰው ሌሊቱንም ይተረጉማል። እባካችሁ፣ ደብዳቤዎቹን በአንድ ሣጥን አስቀምጡና በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ይታዩ፤ የተወሰነ ቀን ያለበትና አስቸኳይ የሆነው ብቻ ቀድሞ ይቅረብ። ሲገባም ግማሽ ሰዓት ጸጥታ ስጡት።

ሠራተኛዋ እናት ስትሆን ነገሩ እጥፍ ነው። ከቢሮ መጥታ ወጥ የምትሠራ፣ ልጅ የምታጥብ፣ ሌሊት እንጀራ የምትጋግር ከሆነ ጠዋት በምን ጉልበት ትነሣለች? ባልና ልጆች ሥራውን ይከፋፈሉ፤ እንጀራውም ለሳምንት የሚበቃው በአንድ ቀን ይጋገር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

በጎንደርና በአዲስ አበባ ወገን ያለን ብዙዎች ነን፤ ሌሊት ስልክ ላይ የምናመሸውም ስለዚሁ ነው። በክረምት የኢትዮጵያ ሰዓት ከእስራኤል በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ በበጋ እኩል ነው። ስለዚህ በእኩለ ሌሊት ስትደውሉ እዚያም እኩለ ሌሊት ወይም ከዚያ ያለፈ ነው። ዓርብ ጠዋት በማትሠሩበት ጊዜ ብትደውሉ ለሁለቱም ወገን ይሻላል። ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሰ ሰው ቢያንስ የ7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

ሕጉ ሳምንታዊው ዕረፍት ያለማቋረጥ ቢያንስ 36 ሰዓት እንዲሆን ያዛል። ሰንበትን አክብሮ ማረፍን ማንም አላስተማረንም፤ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። ትርፍ ሰዓት፣ ማለትም ሻኦት ኖሳፎት፣ ስትሠሩ ደግሞ በቀን ለመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓቶች ከመደበኛው ክፍያ 125 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 150 በመቶ እንደሚገባችሁ ዕወቁ፤ የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ ትሉሹን፣ በየወሩ ተመልከቱ። ሆኖም ትርፍ ሰዓቱ ጤናችሁን የሚያስከፍላችሁ ከሆነ ትርፍ አይደለም።

በመጨረሻም፣ በቂ እንቅልፍ ተኝታችሁ፣ በሰዓቱ በልታችሁና አርፋችሁ ድካሙ ለሳምንታት ካልለቀቃችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። የደም ማነስ፣ የስኳር በሽታ፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት፣ የልብ ሐዘንም ሰውን ያደክማሉ። ብዙዎቹ በተራ የደም ምርመራ ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ላይ በዋለው የጤና መድን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የአገሩ ነዋሪ በአንዱ ኩፓት ሖሊም የመታከም መብት አለው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ነገ ጠዋት ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለመጀመር አትሞክሩ። ነገ ሀፍሳካችሁን በሙሉ ውሰዱ፤ ከነገ ወዲያ ደብተሩን ግዙ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የደብዳቤውን ሣጥን አዘጋጁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በርትታችሁ ሥሩ፤ በጊዜውም ዕረፉ።

እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን ድረስ ሰላም ሁኑ፤ ሻሎም።