ከመጽሔት ዐምድ ወደ ወንጀል ልቦለድ፤ የስቲግ ላርሰን ሕይወት



ስዊድናዊው ስቲግ ላርሰን ዓለም የሚያውቀው በወንጀል ልቦለዶቹ ነው። ጉልበቱንና ዕድሜውን የጨረሰው ግን ዘረኝነትን በብዕር በመታገል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1954 በሰሜን ስዊድን ተወለደ። ቲቲ በተባለው የዜና አገልግሎት ለሃያ ዓመታት ያህል የሥዕላዊ መግለጫ አዘጋጅ ሆኖ ሲሠራ፣ ከ1983 ጀምሮ ሰርችላይት ለተባለው የእንግሊዝ ፀረ ፋሽስት መጽሔት ይዘግብ ነበር። በ1995 የናዚ ተከታዮች በአገሩ ነፍስ ሲያጠፉ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ኤክስፖ የተባለውን መጽሔት መሠረተ። በማግሥቱ ዓመት የመጽሔቱ አታሚና ሻጮች ጥቃት ደረሰባቸው። ያን ጊዜ በገበያ የሚፎካከሩት አፍቶንብላደትና ኤክስፕረሰን ጋዜጦች የኤክስፖን እትም አባሪ አድርገው ለአንባቢ አሠራጩት። በዛቻ ሊታፈን የታሰበው ጽሑፍ በባልደረቦች ትብብር በመላ አገሪቱ ተነበበ።

አደጋው ግን አልቆመም። በ1999 ስለ ናዚዎች ይጽፍ የነበረ አንድ ጋዜጠኛና ትንሽ ልጁ በመኪና ላይ በተጠመደ ቦምብ ቆሰሉ። ላርሰንም በ2000 ለስዊድን ጋዜጠኞች ማኅበር፣ ዛቻ የሚደርስበት ጋዜጠኛ ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያስረዳ መመሪያ አዘጋጀ።

ልቦለድ የሚጽፈው ከሥራ በኋላ፣ በምሽት ነበር። የሚሌኒየም ልቦለዶች ዋና ባለታሪክ የመጽሔት ጋዜጠኛ ነው፤ የመጀመሪያውም መጽሐፍ የስዊድንኛ ርእስ «ሴቶችን የሚጠሉ ወንዶች» ይላል። በክፍሎቹ መግቢያ ላይ በሴቶች ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት የሚናገሩ አኃዞች መስፈራቸው፣ ደራሲው የዘጋቢነት ልማዱን እንዳልተወ ያስረዳል። ላርሰን ኅዳር 9 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. በልብ ድካም ሞተ። ሦስቱ መጻሕፍት ከ2005 እስከ 2007 ታትመው በአሥር ሚሊዮኖች ሲሸጡ አላየም።

ከሠላሳ ዓመት በላይ አብራው የኖረችው ኤቫ ጋብሪየልሰን ከውርሱ አንዳች አላገኘችም። ያልተጋቡት አድራሻቸው በመንግሥት መዝገብ እንዳይገለጥ በመስጋት እንደ ነበር እርሷ ተናግራለች። በ1977 ወደ ኤርትራ ከመጓዙ በፊት የጻፈው ኑዛዜም ምስክር ስላልፈረመበት በሕግ አልጸናም፤ ንብረቱ ለአባቱና ለወንድሙ ተላለፈ።

እንግዲህ በጋዜጠኛ ላይ የሚሰነዘር ዛቻ ከጽሕፈት ቤቱ አልፎ ቤተሰቡን፣ ከሞቱም በኋላ ውርሱን ይነካል። የሙያ ማኅበርም አባሉን ለመጠበቅ ሲያስብ፣ ሁለቱ ተፎካካሪ ጋዜጦች በ1996 ያደረጉትን ማስታወስ ይገባዋል።