ማግኒዝየም ሰልፌት፦ እናትን ከመንቀጥቀጥ የሚያድን፣ ቁጥጥር የሚፈልግ መርፌ

(በመጠለያው ሬዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

  እኔ በነርስነት በዲፕሎማ የተመረቅሁ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ ነኝ። የምሠራውም እዚህ ካምፓላ፣ በካባላጋላና በካንሳንጋ አካባቢ በሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ነው። የዛሬው ርዕሳችን ግን ካምፓላ ያላችሁትንም ናኪቫሌ መጠለያ ያላችሁትንም እኩል የሚመለከት ነው።

ርዕሳችን ማግኒዝየም ሰልፌት ስለሚባለው መድኃኒት ነው። ነርሶች ሲያሳጥሩት «ማግሳልፍ» ይሉታል። በእርግዝና ምክንያት ደም ግፊቷ በጣም ከፍ ላለ ወይም መንቀጥቀጥ ለጀመራት እናት የሚሰጥ መርፌ ነው። ስለዚህ መርፌ ሁለት ዓይነት ወሬ እንሰማለን። አንዱ «እስትንፋስ ያቆማል፣ እንዳትወጉ» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «መድኃኒት መድኃኒት ነው፣ ሰፈር ክሊኒክ ተወግታ ወደ ቤቷ ትግባ» የሚል ነው። ሁለቱም እናት ያስቀጥፋሉ። እውነቱ በመሀል ነው፤ መርፌው ሕይወት ያድናል፣ የሚያድነው ግን እየለካና እየተቆጣጠረ በሚሰጥ ባለሙያ እጅ ሲሆን ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

አንዳንድ እናቶች ከእርግዝናቸው 20ኛ ሳምንት በኋላ ደም ግፊታቸው ይጨምራል፤ በሽንታቸውም ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል። ይህ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። መነሻው ከእንግዴ ልጁ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የእናቲቱን ኩላሊት፣ ጉበትና አንጎል ይጎዳል። በዚህ የተነሳ መንቀጥቀጥ ከመጣ ኤክላምፕሲያ ይባላል። ያን ጊዜ እናትም ልጅም ትልቅ አደጋ ላይ ናቸው።

እናቶች ሆይ፣ አንድ ቁጥር አስታውሱ፦ 140 በ90። ደም ግፊታችሁ እዚህ ከደረሰ ወይም ካለፈ ክትትል ያስፈልጋችኋል። 160 በ110 ከደረሰ ደግሞ ለነገ የማይባል አደጋ ነው። ለእርግዝና ክትትል በሄዳችሁ ቁጥር «ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በካርዳችሁም ላይ ይጻፍላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። ምክንያቱም ይህ በሽታ ሲጀምር አያምም። የሚገኘው በመለኪያ ብቻ ነው።

የአደጋ ምልክቶች

እነዚህን ስታዩ ቀጠሮ አትጠብቁ፦

- የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፤
- የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ማየት፤
- ከደረት በታች ወይም ከቀኝ ጎድን ሥር የሚሰማ ከባድ ሕመም፣ ከማስመለስ ጋር፤
- የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፤
- የሽንት መቀነስ፤
- ትንፋሽ ማጠር።

«እርጉዝ ያብጣታል፣ ያለ ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ አመሻሽ ላይ የእግር ማበጥ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ጠዋት ስትነሱ ግን ፊታችሁ ካበጠና ቀለበት ከጣታችሁ አልወጣ ካለ፣ ያ ተራ እብጠት ላይሆን ስለሚችል ተለኩ።

ሌላም አትርሱ። አደጋው በመውለድ ብቻ አያበቃም። መንቀጥቀጥ ከወሊድ በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት። ስለዚህ አራሷ ራሷን አጥብቆ ሲያማት «የአራስ ቤት ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

ማግኒዝየም ሰልፌት መንቀጥቀጥን ይከላከላል፤ የጀመረውንም ያቆማል፣ ተመልሶ እንዳይመጣም ያደርጋል። ድሮ በብዙ አገሮች በዚህ ቦታ ዳያዜፓም ይሰጥ ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. በበርካታ አገሮች ተካሂዶ የታተመ ጥናት፣ ማግኒዝየም ሰልፌት የወሰዱ እናቶች ዳያዜፓም ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ መንቀጥቀጡ የተመለሰባቸው በግማሽ ያህል ያነሱ መሆናቸውን አሳየ። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ33 አገሮች ወደ 10,000 የሚሆኑ እናቶችን ያካተተ ማግፓይ የተባለ ጥናት ወጣ። መድኃኒቱ ገና ያልተንቀጠቀጡ ፕሪኤክላምፕሲያ ያለባቸውን እናቶች ለመንቀጥቀጥ የመጋለጥ ዕድል ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ትልቅ መሣሪያም አይፈልግም።

አንድ ነገር ግን ለዩ። ይህ የደም ግፊት መድኃኒት አይደለም። ግፊቱን ለማውረድ ሌላ መድኃኒት ይሰጣል፤ ለምሳሌ ኒፈዲፒን ወይም ሃይድራላዚን። በሽታው የሚያበቃውም ልጁና እንግዴ ልጁ ሲወጡ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «መውለድ አለባት» ሲል «መርፌ ተወግታለች አይደል?» ብላችሁ አትከራከሩ። መርፌው የሚገዛላት ጊዜ ነው፤ ያንን ጊዜ ሐኪሙ ለማዋለድ ይጠቀምበት።

አሰጣጡና ሦስቱ ቁጥጥሮች

ቀጥሎ የምነግራችሁ ራሳችሁ እንድትሰጡ አይደለም። የሚደረገው ገብቷችሁ እንዳትደናገጡ፣ መጠየቅ ያለባችሁንም እንድትጠይቁ ነው።

ብዙ ጊዜ በሚሠራበት መንገድ፣ መጀመሪያ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል፤ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ከዚያ 10 ግራም በመቀመጫ ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ 5 ግራም በቀኝ፣ 5 ግራም በግራ። ሕመሙን ለመቀነስ ማደንዘዣ ይጨመርበታል። «ለምን ሁለት ቦታ ወጓት?» የምትሉ መልሱ ይኸው ነው። ከዚያም በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም፣ አንዴ በአንዱ ጎን አንዴ በሌላው፣ ይቀጥላል። የሚቆመው ከወለደች ወይም ለመጨረሻ ጊዜ ከተንቀጠቀጠች 24 ሰዓት ሲሞላ ነው፤ ከሁለቱ ዘግይቶ የመጣው ይቆጠራል። አንዳንድ ሆስፒታሎች ከመርፌ ይልቅ በጉሉኮስ መስመር ይሰጡታል።

ሲሰጥ ሰውነት ይሞቃል፣ ፊት ይቀላል፣ ውኃ ይጠማል፣ ሊያቅለሸልሽም ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ መርፌው እየገደላት ነው ማለት አይደለም።

መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል በሽንት ነው። ሽንት ካነሰ በደም ውስጥ ይከማቻል። ሲከማች መጀመሪያ የጉልበት ምላሽ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይዳከማል፣ በመጨረሻም ልብ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀጣይ መርፌ በፊት ነርሷ ሦስት ነገር ትመለከታለች፦

1. ትንፋሽ፦ በደቂቃ ቢያንስ 16 ጊዜ መተንፈስ አለባት።
2. ጉልበት፦ በትንሽ መዶሻ ከጉልበት ሎሚ በታች መታ ሲደረግ እግሯ መንጨር ማለት አለበት።
3. ሽንት፦ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር፤ በ4 ሰዓት 120 ሚሊ ሊትር፣ በግምት አንድ የሻይ ብርጭቆ ማለት ነው። የሽንት ቱቦ የሚገባላት ለዚህ ነው።

ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቀጣዩ መርፌ አይሰጥም። ትንፋሽ ከተዳከመ ማርከሻ አለው፤ ካልሲየም ግሉኮኔት ይባላል፣ በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል። ማርከሻው ከአልጋው አጠገብ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። እንግዲህ «እስትንፋስ ያቆማል» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አያችሁ። ቁጥጥር በሌለበት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቁጥጥር ባለበት ግን ምልክቱ ቀድሞ ይታያል፣ መፍትሔም አለው። መርፌው ሰፈር ውስጥ ተሰጥቶ ወደ ቤት የማይገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ ማን ሽንት ይለካል? ማንስ ሌሊት ትንፋሽ ይቆጥራል?

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ስትንቀጠቀጥ ካገኛችኋት፦

- በግራ ጎኗ አስተኟት፤ ራሷን ከሚመታት ነገር ጠብቁ።
- በአፏ ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውኃም አታስገቡ። አጥብቃችሁ አትያዟት።
- ክብሪት ለኩሳችሁ በአፍንጫዋ አታጭሱ። ጭሱ መንቀጥቀጡን አያቆምም፤ ጊዜ ግን ይበላል።
- የጀመረበትን ሰዓት ያዙና ወዲያው መኪና ፈልጉ። ራሷን የሳተች እናት በቦዳ ቦዳ አትጫንም። በመኪና፣ በግራ ጎኗ ተኝታ ትሂድ።

ለመጸለይ ማንም አይከለክላችሁም። ጸበልም ቢሆን ስትመለስ ይደርሳል። ቅድሚያ ግን ለሆስፒታል ይሁን።

ናኪቫሌ ያላችሁ በመጠለያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ወደ ምባራራ ሪፈራል ሆስፒታል ይልካችኋል። ካምፓላ ያላችሁ ቅርባችሁ ወዳለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ ለምሳሌ ኪሱጉ፣ መሄድ ትችላላችሁ፤ ከባድ የሆነው ወደ ካዌምፔ ብሔራዊ ሪፈራል ሆስፒታል ይላካል። ማታ ማታ የካምፓላ መንገድ እንዴት እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ። ስለዚህ የምታምኑትን ባለ መኪና ስልክ ከዘጠነኛው ወር በፊት ያዙ፤ ጥቂት ሽልንግም ለይታችሁ አስቀምጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት ጤና ጣቢያው ሙሉ ሕክምና መስጠት ካልቻለ የመጀመሪያውን መጠን ሰጥቶ ወዲያው እንዲልክ ይመክራል። እዚህ ላይ የእናንተ ድርሻ ከባድ ነው። ምን ያህል ተሰጣት? በስንት ሰዓት? ይህ በመላኪያ ወረቀቱ ላይ መጻፉን ሳታዩ አትነሱ፤ ስትደርሱም ወረቀቱን ለመጀመሪያዋ ሙሳዎ በእጇ ስጡ። ካልታወቀ የመጀመሪያው ትልቅ መጠን ሁለተኛ ጊዜ ሊሰጣት ይችላል። የኩላሊት በሽታ ወይም ሚያስቴንያ ግራቪስ የሚባለው ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ካለባትም ሳትጠየቁ ተናገሩ። እንግሊዝኛ ወይም ሉጋንዳ የሚችል ሰው አብሯችሁ ይሂድ።

ሆስፒታሉ መድኃኒት አልቆበት «ግዙ» ብትባሉ፣ በሐኪሙ ማዘዣ ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ግዙ። የሚያልቅበትን ቀን አይታችሁ፣ ብልቃጡን ሳትከፍቱ ለነርሷ አስረክቡ።

ከአድማጮች የሚመጡ ጥያቄዎች

«ኤፕሰም ሶልት የሚባለው ጨው ማግኒዝየም ሰልፌት ነው ይላሉ። በውኃ በጥብጣ ብትጠጣው አይሆንም?»

አይሆንም። ንጥረ ነገሩ በስም አንድ ነው፤ ነገር ግን ሲጠጣ አብዛኛው አንጀት ውስጥ ቀርቶ ያስቀምጣል እንጂ መንቀጥቀጥን ለመከላከል የሚበቃ መጠን ወደ ደም አያደርስም። ተቅማጡ ደግሞ ነፍሰ ጡሯን ያዳክማታል። ጨውን አሟሙቶ በመርፌ መውጋትማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

«ልጁን አይጎዳውም?»

ለዚህ ሕክምና በሚሰጥበት መጠንና ጊዜ ለልጁም የሚጠቅመው እናቱ መዳኗ ነው። እንዲያውም ልጁ ከ32 ሳምንት በፊት ሊወለድ ከሆነ አንጎሉን ከጉዳት ለመጠበቅ ይኸው መድኃኒት ለእናቱ ይሰጣል። ሲወለድ ትንሽ ሊለሰልስና ሊያንቀላፋ ስለሚችል ሐኪሞቹ ይከታተሉታል።

«ወልዳ ተሻላት፣ ተነስታም አወራችን። ለምን ወደ ቤት አትገባም?»

24 ሰዓቱ ስላልሞላ ነው። ቤት ሰው እንደሚጠብቅ፣ ገንፎው እንደሚቀርብ አውቃለሁ። ገንፎው ይቆይ። መሀል ላይ ማቋረጥ መንቀጥቀጡን ሊመልሰው ይችላል። ከወጣችም በኋላ ግፊቷ መለካቱ ይቀጥል።

«በሚቀጥለው እርግዝና ይመለስብኛል?»

አንዴ የያዛት እናት ከሌሎች ይልቅ ተጋላጭ ናት። ስለዚህ እንዳረገዘች ባወቀች ጊዜ ቶሎ ትሂድና ታሪኳን ትናገር። ሐኪሙ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን፣ ካልሲየምም ሊያዝላት ይችላል። አስፕሪኑን ግን በራሷ ገዝታ አትጀምር።

«ስደተኛ ነኝ፣ ገንዘብም የለኝም። ያዩኛል?»

በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው የኡጋንዳ የስደተኞች ሕግ መሠረት ስደተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። በመንግሥት ጤና ተቋማት ከግል ክፍሎች በስተቀር የመታከሚያ ክፍያ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተነስቷል። የስደተኛ ወረቀታችሁንና የክትትል ካርዳችሁን አብራችሁ ያዙ። በገንዘብ ምክንያት አንዲትም ሰዓት ቤት አትቆዩ።

ማጠቃለያ

ውድ ወገኖቼ፣ ከዛሬው ንግግር አራት ነገር ያዙልኝ። ግፊታችሁን አስለኩ፤ ቁጥሩንም እወቁ። የአደጋ ምልክት ስታዩ ዛሬውኑ ሂዱ። ሐኪሙ ማግኒዝየም ሰልፌት ሲያዝ እሺ በሉ፤ «ትንፋሿን፣ ጉልበቷን፣ ሽንቷን እያያችሁ ነው? ማርከሻውስ አለ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። 24 ሰዓቱ ሳይሞላ ይዛችኋት አትውጡ።

አባወራዎች፣ ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። መኪና የሚፈልገው፣ በወረቀት የሚፈርመው፣ «ትወጋ» ወይም «አትወጋ» የሚለው ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁ። ይህንን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ነፍሰ ጡር ላለችበት ጎረቤት አስተላልፉት። ማንበብ ለማይችሉም አንብቡላቸው።

ለዛሬ ያዘጋጀሁት ይህን ይመስላል። በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ድረስ ጤናችሁ ይብዛ፤ ነፍሰ ጡሮቻችንን በሰላም ያገላግልልን።