ንግሥና 42ኛው ምዕራፍ፤ የፋርስ መሳፍንት፣ ልጆቻቸውና የከይካውስ መጽሐፍ

የአማርኛ አንባቢ የፋርስን ነገሥታት አስቀድሞ ያወቃቸው በመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ቂሮስ የተማረኩትን ወደ አገራቸው ሲሰድ፣ ዳርዮስ ራሱ ባጸናው ሕግ ታስሮ ዳንኤልን ከአንበሶች ጕድጓድ ማዳን ሲሳነው፣ አስቴር ሳትጠራ ገብታ የወርቁ ዘንግ ሲዘረጋላት፣ ይህ ሁሉ ከልጅነት ጀምሮ በጆሮ የኖረ ታሪክ ነው። በእነዚህ ትረካዎች የፋርስ ንጉሥ ሊሳሳት፣ ሊቈጣ፣ ሊጸጸትም ይችላል፤ ዙፋኑ ግን አይነቃነቅም። ፋርሶች ራሳቸው ስለ ንግሥና የጻፉትን የመረመረ ሰው የሚያገኘው ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ዙፋን የሚፈራና የሚያስፈራ ነገር ነው፤ አባት ከልጁ፣ ልጅም ከአባቱ የሚሸሸግበት።

ከካስፒያን ባሕር በስተደቡብ በሚገኘው አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1082 ገደማ፣ ከይካውስ የኢስካንዳር ልጅ የተባለ የ63 ዓመት መስፍን ለልጁ ለጊላንሻህ መጽሐፍ ጻፈለት። መጽሐፉ 44 ምዕራፎች ያሉት ሲሆን «ቃቡስ ናማ»፣ ማለት «የቃቡስ መጽሐፍ» ተብሎ ይጠራል። ከይካውስ የዚያር ሥርወ መንግሥት ተወላጅ ነው። የቤቱ መሥራች መርዳዊጅ እንደ ጥንቶቹ የሳሳን ነገሥታት ለመሆን ተመኝቶ፣ የወርቅ ዙፋንና ዘውድ አሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ935 የገዛ ባሪያ ወታደሮቹ ገደሉት። የከይካውስ አያት ቃቡስም 17 ዓመት ያህል በስደት ቈይቶ በ998 ወደ አገሩ ተመለሰ። ቃቡስ የተማረ፣ በዐረብኛ የተዋበ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ነበር። ታላቁ ሊቅ አል ቢሩኒ ስለ ጥንታውያን ሕዝቦች የዘመን አቈጣጠር የጻፈውን መጽሐፍ ያበረከተው ለእርሱ ነው። ኢብን ሲናም በወጣትነቱ መጠጊያ ፍለጋ ወደ ቃቡስ መንገድ ጀምሮ ሳለ የመስፍኑን መታሰርና መሞት ሰማ። ወታደሮቹ በጭካኔው ተማርረው ከሥልጣን አውርደው፣ ልጁን ማኑቺህርን በቦታው አስቀምጠው፣ አባትየውን አሰሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1012 በእስር ቤት በብርድ ሞተ። በ1006 እና በ1007 መካከል በሕይወቱ ሳለ ያሠራው የመቃብር ግንብ፣ 53 ሜትር ከፍታ ያለው የጡብ ሥራ፣ ዛሬም በሰሜን ኢራን ሜዳ ላይ ቆሞ ይታያል። የልጅ ልጁ ይህን ሁሉ ያውቃል። የቃቡስን ደም ማፍሰስ አይሸፍንም፤ አያቱ ለመግደል የፈጠነ፣ ይቅርታ የማያውቅ ሰው እንደ ነበረ ለልጁ በግልጥ ይነግረዋል። የገዛ ዘሩን ጥፋት ለወራሹ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ መስፍን በየትም አገር ጥቂት ነው።

ከይካውስ በጻፈበት ዘመን የሴልጁክ ቱርኮች ኀይል አገሩን ሁሉ ስለ ሸፈነው፣ የዚያር ቤት የቀረው ከስምና ከጥቂት ግዛት የማያልፍ ነበር። የመጽሐፉ አሠራር ትርጕም የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ስለ ንግሥና የሚናገረው ምዕራፍ 42ኛው ነው። ከእርሱ አስቀድሞ ስለ ንግድ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ኮከብ ቈጠራ፣ ስለ ቅኔ፣ ስለ አዝማሪነት፣ ስለ ጸሐፊነትና ስለ ጦር አዛዥነት ተራ በተራ ይመክራል፤ ከእርሱ ቀጥሎም የእርሻና የእጅ ሥራ ምዕራፍ ይገኛል። እንግዲህ ንጉሥነት በሙያዎች መካከል አንድ ሙያ ሆኖ ተሰልፏል። ልዑሉ አዝማሪ ቢሆን ለራሱ ደስ የሚለውን ሳይሆን የአድማጩን ዕድሜና ጠባይ አይቶ እንዲጫወት ይነገረዋል። ይህ ለቀልድ የተጻፈ አይደለም፤ አባትየው ልጁ የሌላ ሰው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ እንጀራውን የሚፈልግበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል እያየ ነው የጻፈው።

ለዚህም ማስረጃ የሚያደርገው የጉሽታስፕን ታሪክ ነው። ጉሽታስፕ በአፈ ታሪክ የሚታወቅ የኢራን ንጉሥ ነው። በከይካውስ አተራረክ፣ ልዑሉ ከአገሩ ወጥቶ በሮም ምድር በተቸገረ ጊዜ፣ በልጅነቱ በቤተ መንግሥት ቀጥቃጮች ቢላዋና እርካብ ሲሠሩ እየተመለከተ የተማረው ሙያ እንጀራ ሆነው። አገሩ ገብቶ በነገሠም ጊዜ መኳንንቱ ሁሉ ልጆቻቸውን የእጅ ሥራ እንዲያስተምሩ አዘዘ።

ፊርዶውሲ እ.ኤ.አ. በ1010 በፈጸመው በ«ሻህናማ» ውስጥ ግን ያው ልዑል በዚያው በሮም ከቀጥቃጭ ቤት ገብቶ አንድ ጊዜ ቢመታ መዶሻውም መስፉም ተሰባበረ፤ ቀጥቃጩም ደንግጦ አባረረው። በባለቅኔው ዓይን የንጉሥ ክንድ ለሥራ አልተፈጠረም፤ ብርታቱ ራሱ ከሰው ተርታ ያስወጣዋል። ሁለቱ ደራስያን የኖሩት በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ነው ለማለት ይቻላል፤ ልዩነታቸው ግን የዕውቀት አይደለም። ፊርዶውሲ ያለፈውን ታላቅነት ከሞት ለማዳን ይጽፋል፤ ከይካውስ ልጁን ከረኀብ ለማዳን።

ፊርዶውሲ የንግሥናን ክፉ ጎን አላየም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ከእርሱ አብልጦ ያየ የለም። ይኸው ጉሽታስፕ ከነገሠ በኋላ ለልጁ ለኢስፈንዲያር ዙፋኑን እለቅልሃለሁ እያለ ከጦርነት ወደ ጦርነት ይሰደዋል። ልጁ የታሰሩ እኅቶቹን አስለቅቆ ተመልሶ ቃሉን ሲጠይቀው፣ ንጉሡ ጃማስፕ የተባለውን ጠቢብ ጠርቶ የልጁን ፍጻሜ ይመረምራል። ኢስፈንዲያር በዛቡሊስታን በሮስታም እጅ እንደሚሞት ይነገረዋል። አባት ይህን ከሰማ በኋላ የሚሰጠው ትእዛዝ፣ ሂድና ሮስታምን በሰንሰለት አስረህ አምጣልኝ የሚል ነው። እናቱ ካታዩን ብትለምነው ልዑሉ አይሰማም፤ የንጉሥ ትእዛዝ ነውና። ዓይኖቹ በፍላጻ ተወግተው ሲሞት ገዳዬ ሮስታም ሳይሆን አባቴ ነው ይላል፤ የገዛ ልጁን ባህማንንም እንዲያሳድገው አደራ የሚሰጠው ለሮስታም ነው። አንድ ሰው ልጁን ከአያቱ ይልቅ ለገዳዩ አምኖ የሚተውበት ይህ ትዕይንት ስለ ንጉሣዊ ሥልጣን ከተጻፉት ሁሉ እጅግ የከበደው ሳይሆን አይቀርም።

ታሪክም ከግጥሙ አልራቀም። ታላቁ የሳፋዊ ንጉሥ ሻህ አባስ፣ ኢስፋሃንን በአደባባይና በመስጊድ ያስጌጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1615 የመጀመሪያ ልጁን በጥርጣሬ አስገደለ፤ ኋላም ሌሎች ሁለት ልጆቹን አሳወረ። በ1629 ሲሞት ዙፋኑን የወረሰው የተገደለው ልዑል ልጅ ነው።

ወደ ከይካውስ ስንመለስ፣ መጽሐፉ ንጹሕ ነው ሊባል አይገባም። ባሪያ ስለ መግዛት የጻፈው ምዕራፍ፣ የሰውን ገላ እንደ ፈረስ ገላ እየገለበጠ የሚያስመረምር ስለ ሆነ፣ ዛሬ የሚያነበው ሰው ያፍራል። ስለ ወይን ጠጅ ያለው ደግሞ ፈገግ ያሰኛል፤ መጠጣት ኀጢአት ነው፣ ኀጢአት መሥራትህ ካልቀረ ግን ስለ ምርጡ ወይን ይሁን ይላል። በፈረስ ላይ ሆነው በበትር ስለሚመቱት የኳስ ጨዋታም ሲመክር የአምር ኢብን ለይስን ታሪክ ያነሣል። የኮራሳን ገዢ የነበረው አምር አንድ ዓይና ነበር፤ ሊጫወት ሲነሣ አንድ የጦር አለቃው የፈረሱን ልጓም ያዘ። ሌሎቹ ተጫዋቾች አንድ ዓይን ቢጠፋባቸው ሌላ ይቀራቸዋል፤ አምር ግን ያለችው አንዲት ናት፣ እርሷ ከጠፋች ግዛቱም ይጠፋል። ከይካውስ ራሱ ያለው ምን ያህል እንደ ቀረ ቈጥሮ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በዚያው ዘመን የሴልጁኮች ታላቅ ሚኒስትር ኒዛም አል ሙልክ ለንጉሡ ለመሊክ ሻህ «ሲያሳት ናማ»ን ደርሶለታል። የኒዛም አል ሙልክ መጽሐፍ ግዛት እንዴት እንደሚጠበቅ ያስተምራል፤ በደራሲው በኩል ግን ከአደጋ አላዳነም፤ በ1092 በስለት ተገደለ። የዚያርም ቤት ከጊላንሻህ ወዲህ አልዘለቀም። ልጁ የአባቱን ምክር ተጠቅሞበት እንደ ሆነ የሚናገር የለም፤ መጽሐፉ ግን ሌሎች እጆች ገባ። ወደ ቱርክኛ ደጋግሞ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1432 የኦቶማኑ ሱልጣን ዳግማዊ ሙራድ ግልጥ በሆነ ቋንቋ እንደገና እንዲተረጐም አዘዘ። በዚያው ዓመት ለሱልጣኑ መሐመድ የተባለ ልጅ ተወለደለት። በ1444 ሙራድ ዙፋኑን በፈቃዱ ለ12 ዓመት ልጁ ለቀቀለት፤ በ1446 ግን መልሶ ወሰደው።