ከጭላሎ ድንጋይ በታች



በአሰላ ከተማ ቆሞ የጭላሎን ተራራ የሚመለከት ሰው፥ «የጥንት ዘመን ግዙፍ እንስሳት ዐፅም በዚህ ይገኝ ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ ድንጋይን ከድንጋይ መለየት ያሻል።

በእንግሊዝ አገር ላይም ሪጂስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የአናጢ ልጅ የሆነችው ሜሪ አኒንግ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1823፥ ፕሌሲዮሳውረስ የተባለውን አንገተ ረዥም የባሕር እንስሳ ሙሉ ዐፅም ከገደል ቆፍራ አወጣች። በማግሥቱ ዓመት ሊቃውንት በሎንዶን ጉባኤ ሲናገሩበት ግን ስሟን አላነሡም። ፈልጎ ማግኘት የድኻ፥ መሰየም የሊቅ ሆኖ ቀረ። በ1842 ሪቻርድ ኦወን በየብስ ለኖሩት ግዙፋን «ዳይኖሰር» የሚል ስም አወጣላቸው፤ አስፈሪ እንሽላሊት ማለት ነው።

አኒንግ የቆፈረችበት ገደል በባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ጭቃና ኖራ ነበረ። ጭላሎ ግን የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፤ ዳይኖሰሮች ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሲጠፉ ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ ዐፅማቸውን በተራራው ድንጋይ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ሆኖም ከእሳቱ ድንጋይ በታች የጥንቱ ባሕር ንጣፍ አለ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት አብሮ የመጣው የሥነ ምድር ሊቅ ዊልያም ብላንፎርድ፥ በትግራይ ያየውን የኖራ ድንጋይ በእንጣሎ ከተማ ስም ሰየመው። ከአርሲ ደጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅም የዋቢ ሸበሌ ወንዝ የላይኛውን ድንጋይ ሰንጥቆ ወደዚያው ዘመን ኖራ ይወርዳል። ዐፅም ፈላጊ ከአሰላ ቢነሣ፥ መንገዱ ወደ ተራራው ሳይሆን ወደዚያ ሸለቆ ነው።