ቁስል፣ ጠባሳና ውዱእ



ዛሬ የምናነሳው ቁስል እንዴት እንደሚድንና ጠባሳው እንዴት እንደሚቀንስ ነው። ጉዳዩ የሐኪም ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግድ ሰው እጁ ሲቆስል ስለ ውዱኡ የሚጠይቀው ኢማሙን ነው።

ቆዳ ሲቆረጥ በመጀመሪያ ደሙ ይረጋል። ቀጥሎ ለጥቂት ቀናት አካባቢው ይሞቃል፣ ያብጣል፤ ሰውነት ቆሻሻውንና ተሕዋስያኑን የሚያጸዳበት ጊዜ ነው። ከዚያ አዲስ ሥጋ ይሞላል፤ ለጋ ቆዳም ከዳር ወደ መሐል ይሸፍነዋል። በመጨረሻ ጠባሳው እየጠነከረና እየሳሳ ይሄዳል፤ ይህም አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ያም ሆኖ ጥንካሬው ቢበዛ ከቀድሞው ቆዳ 80 በመቶ ያህል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቁስሉን በንጹሕ ውሃ እንጠበው። በቁስል ላይ የቡና ዱቄት፣ በቃጠሎ ላይም ቅቤና የጥርስ ሳሙና ማድረግ ይቅርብን። ቃጠሎ የሚፈልገው ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ነው። «ቁስል ነፋስ ያግኘው» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ቫዝሊን ተቀብቶ የተሸፈነ ቀላል ቁስል ቶሎ ይድናል፣ ጠባሳውም ያንሳል። ቅርፊቱን አትላጡት። ሲድን ከፀሐይ ሸፍኑት። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም አፈርና ዝገት ከነካው በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ መሰፋትና የቲታነስ ክትባት ሊያስፈልግ ይችላል። ጠባሳው ከቁስሉ ድንበር አልፎ እየገዘፈ ከሄደ ኬሎይድ ይባላል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። ቢቆረጥ ብሶ ሊመለስ ስለሚችል ለሐኪም አሳዩት።

አሁን ወደ ውዱኡ እንምጣ። አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች ለየሰላቱ ፋሻቸውን ይፈታሉ። እንዲህ ሲያደርጉ የበቀለውን ለጋ ቆዳ በቀን አምስት ጊዜ ይገነጥሉታል፤ ቁስሉ ይዘገያል፣ ጠባሳውም ይሰፋል። የፊቅህ ሊቃውንት ግን በጀቢራ ጉዳይ መፍትሔውን ከጥንት አስቀምጠውታል። ፋሻውን መፍታት ወይም ውሃው የሚጎዳ ከሆነ ጤነኛው አካል ይታጠባል፤ በፋሻው ላይ ደግሞ በእርጥብ እጅ ይታበሳል። ተየሙም ይጨመር እንደሆነና ሌላው ዝርዝር በመዝሀቦች ስለሚለያይ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ።

ሩኽሳውን የተጠቀመ ሰው ከኢባዳው ያጎደለው የለም። አካላችን አማና ነው፤ እንጠብቀው።