ልጅ ስለ ፖለቲካ ሲጠይቅ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በአገራችን «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚል አነጋገር አለ። ይህን አነጋገር ያልሰማ ሰው አይገኝም፤ ይልቁንም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ እንጀራውን የሚበላ ሰው ከሌላው አብልጦ ይናገረዋል። ያወጡት ሰዎች ብዙ አይተው፥ ብዙም ቀምሰው ነውና አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ኮረንቲን በሩቁ ማለት የሚቻለው ሽቦው ከቤት ውጭ ሲሆን ነው። ሽቦው በግድግዳችን ውስጥ አልፎ ልጃችን ከሚተኛበት ክፍል ከገባ በኋላ ግን «አትንካ» ብሎ ዝም ማለት አይበቃም። የትኛው እንደሚያበራ፥ የትኛውም እንደሚያቃጥል ማስተማር የወላጅ ግዴታ ይሆናል። ዛሬ ላነሣላችሁ የወደድሁት ጉዳይ ይኸው ነው።

ለምሳሌ የማቀርባቸው ወልቂጤንና ቡታጅራን ነው። ቡታጅራ ተወልጄ ያደግሁባት ከተማ ናት፤ ወልቂጤም የእናቴ ዘመዶች የሚኖሩባት ስለ ሆነች ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። በእነዚህ ከተሞች የሚያድግ ሕፃን ባለፉት ዓመታት ያየውንና የሰማውን እስቲ አብረን እንቍጠር።

በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. በወልቂጤ በጉራጌና በቀቤና ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሣ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና በማረቆ ማኅበረሰቦች መካከል እንደዚሁ ደም ፈሰሰ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ዞኑ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን የሚለውን ጥያቄ አጸደቀ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጥያቄው ገና መልስ ሳያገኝ፥ በወልቂጤ ሱቆች ተዘግተው ሰው በየቤቱ ዋለ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በዚያው ከተማ የመጠጥ ውኃ እጥረት ባስነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስትሆን ወልቂጤ በጉራጌ ዞን መቀመጫነቷ ቀጠለች። በ2010 ዓ.ም. የስድስት ዓመት ልጅ የነበረው ሕፃን ይህን ሁሉ አይቶ ሲጨርስ ዐሥራ አንድ ዓመት ሞላው።

ታዲያ ይህ ልጅ መጠየቁ አይቀርም። «አባባ፥ ሱቁ ለምን ተዘጋ?» ይላል። «እማማ፥ ውኃው ለምን አይመጣም?» ይላል። «ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ለምን ትምህርት ቤት መምጣት ተወ?» ብሎም ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ከወላጆች ዘንድ የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት አይወጣም። አንደኛው ወላጅ «አርፈህ ጥናትህን አጥና፤ ይህ የልጅ ነገር አይደለም» ብሎ በሩን ይዘጋዋል። ሁለተኛው ወላጅ ደግሞ ቀን በቢሮ የዋጠውን ንዴት ማታ ከእራት ጋር ያወጣዋል፤ «እነሱ ናቸው» እያለ አንድን ሕዝብ በሙሉ ይረግማል፥ ልጁም እንጀራውን እያጐረሰ ይሰማል። የመጀመሪያው ልጁን ዕውቀት ይነሣዋል፤ ሁለተኛው ጥላቻ ያወርሰዋል።

የመጀመሪያውን ዓይነት ወላጅ ለመውቀስ እንዳልቸኩል የሚያደርገኝ አንድ ነገር አለ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሲደረግ እኔ የዐሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ነበርሁ። በትምህርት ቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም። አንድ ማታ አባቴን «አንተ የማን ደጋፊ ነህ?» ብዬ ጠየቅሁት። አባቴ ምንም ሳይመልስ ከመቀመጫው ተነሣ፥ ራዲዮኑን አጠፋ፥ ሄዶም ተኛ። እኔም በልቤ «አባቴ ፈሪ ነው» ብዬ አፈርሁ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ጠይቄው አላውቅም፤ መልስ የምፈልገው ከመንገድ ሆነ። የመንገዱም መልስ፥ አባቱ ከሌላው ወገን ነው የተባለውን የቅርብ ጓደኛዬን ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳላናግረው አደረገኝ። ያ ጓደኛዬ ምን አድርጎኝ እንደ ነበር ዛሬ ብጠየቅ የምመልሰው የለኝም።

አባቴ ያንን ዝምታ የፈታው በ2012 ዓ.ም. ለመስቀል ወደ አገር ቤት በገባሁ ጊዜ ነው። እንደነገረኝ፥ በ1970 ዓ.ም. እርሱ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ሰዎች ወደ ቤታቸው መጡ። ታላቅ ወንድሙ ተማሪ ነበር። ከሰዎቹ አንዱ በለዘበ ቃል «ወንድምህ መጻሕፍቱን የት ያኖራል?» ብሎ ጠየቀው። መጻሕፍቱ ከቆርቆሮው ሥር መኖራቸውን ያውቃልና፥ ሕፃኑ አባቴ በጣቱ አሳየ። ወንድሙ ከዚያን ዕለት በኋላ አልተመለሰም። አባቴም በልጅ ፊት ስለ ፖለቲካ ላለመናገር በልቡ ማለ።

እኔም ይህን ከሰማሁ በኋላ ብዙ አሰብሁበት። የአባቴን ፍርሃት የሚንቅ ሰው ቢኖር እርሱ ያን ዘመን ያላየ ነው። ነገር ግን ያ ሕፃን መጻሕፍቱን ያሳየው ብዙ ስለ ተነገረው ነውን? አይደለም። ማንም ምንም ስላልነገረው ነው። መጻሕፍቱ ምን እንደ ሆኑ፥ ለምን እንደ ተደበቁ፥ የመጡትም ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ አላስረዳውም። ዝምታው ወንድሙን አላዳነም፤ በዚያ ሕፃን ጫንቃ ላይ ግን የአርባ ዓመት ሸክም ጣለበት። ስለዚህ ዝምታ ልጆችን ይጠብቃል የሚለውን አሳብ ዛሬ አልቀበለውም።

እንግዲህ ዝም ካላልን እንዴት እንናገር? ሦስት ነገር ላሳስባችሁ እወዳለሁ።

አንደኛ፥ የሆነውን ነገር ከራሳችን አስተያየት ለይተን እንንገራቸው። ልጁ ስለ ክልል ቢጠይቅ፥ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ምን እንደሚል ማስረዳት ይቻላል። በዚህ አንቀጽ መሠረት ክልል የመሆን ጥያቄ በብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲጸድቅ፥ ጥያቄው የቀረበለት የክልል ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። የሲዳማ ሕዝብ በኅዳር 2012 ዓ.ም. በዚህ መንገድ ድምፅ ሰጥቶ ክልል እንደ ሆነ፥ በጉራጌ ግን ሕዝበ ውሳኔ እንዳልተደረገ መንገርም ይገባል። ይህ የሆነው ነገር ነው። ከዚህ በኋላ «እኔ እንዲህ ይሻል ነበር እላለሁ፤ አጎትህ ግን በዚህ ከእኔ ጋር አይስማማም» ማለት ይቻላል። እንዲህ የተነገረው ልጅ፥ ሰው ሳይጣላ በአሳብ ሊለያይ እንደሚችል ከቤቱ ይማራል። የማናውቀውንም «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» ብንል ክብራችን አይቀንስም።

ሁለተኛ፥ የሹምን ጥፋት በሕዝብ ላይ አንጫን። የቀቤናው ልጅ፥ የማረቆው ልጅ፥ የመስቃኑና የጉራጌው ልጅ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማራሉ፥ በአንድ ገበያ ይላላካሉ። አባት በማታ የጣለው አንድ ክፉ ቃል በማግሥቱ በልጁ እጅ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ይህም ለቢሮ ሠራተኛ ድርብ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ልጅ በቤት የሰማውን በትምህርት ቤት መድገሙ አይቀርምና። «ለሰው እንዳትናገር» እያሉ ልጅን ምስጢር ከማሸከም ይልቅ፥ በደጅ ቢሰማ የማያሳፍረንን ነገር በቤት መናገር ይሻላል።

ሦስተኛ፥ ልጁ ራሱ ይናገር። ለዚህ ትምህርት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በጉራጌ መንደሮች ጀፎረ የሚባለው ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና አለ፤ ልጆች በዚያ ይጫወታሉ፥ ሽማግሌዎችም በዚያው በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር ያያሉ። በሰባት ቤት ጉራጌ ዘንድ የጆካ ሸንጎ፥ በክስታኔ ዘንድም የጎርደና ሴራ ሰው ተሰምቶ የሚዳኝባቸው ሥርዐቶች ናቸው። የቃቄ ውርድወት ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት የተሟገተችው በየጆካ ሸንጎ ፊት እንደ ሆነ ይተረካል። ሳይሰሙ መፍረድ በአባቶቻችን ዘንድ ነውር ከሆነ፥ ልጅን ሳይሰሙ ዝም ማሰኘትስ እንዴት ደግ ይሆናል?

ከትልቁ ነገር መጀመር የሚያስፈራው ወላጅ ከውኃው ይጀምር። ቧንቧው በደረቀ ጊዜ ልጁን አጠገቡ ያስቀምጠውና ይህ ውኃ ከየት እንደሚመጣ፥ ለመሥመሩ ገንዘብ የሚመድበው ማን እንደ ሆነ፥ ሲጠፋ ለማን እንደሚቤቱቱ፥ በምን ዓይነት ቃልና በምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚጠየቅ ያስረዳው። ልጁ ሳያውቀው የፖለቲካን ፊደል ቆጠረ ማለት ነው። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉትን ከዚህ የተሻለ የሚማርበት ቦታ የለም።

ንግግሬን በአንድ ነገር እፈጽማለሁ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ልጄን ይዤ ለመስቀል ቡታጅራ ገባሁ። ያን ጊዜ ስምንት ዓመቱ ነበር። ክትፎው ተበልቶ ሰው ከተቀመጠ በኋላ፥ ልጄ አያቱን «አባባ፥ የእናንተ አገር አሁን ስሙ ማን ሆነ? ለምንስ ተለወጠ?» ብሎ ጠየቀው። ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴም ከመደቡ ተነሥቶ ወደ ራዲዮኑ ሄደ። እንደ ዱሮው ሊያጠፋው ነው ብዬ ተሳቀቅሁ። እርሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገና ተመልሶ፥ «ና ልጄ፥ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ» አለው።

እናንተም ልጃችሁ በጠየቃችሁ ጊዜ አጠገባችሁ አስቀምጡት።