የሚያፈስ መጋጠሚያ፦ አንዲት አሮጌ ላዳ ስለ ሙቀትና ስለ ልክ ያስተማረችኝ



ለዛሬው ገለጻ ስጋበዝ ብዙዎቻችሁ ስለ ምርምር ሥራዬ እንደምናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ሠራሁት ስሕተት ልነግራችሁ ነው። ስሕተቱ የተፈጸመው በአንዲት አሮጌ መኪና ላይ ነው፤ የፈጸመው ሰው ደግሞ የብረታ ብረትን የሙቀት መስፋፋት ለዓመታት ሲያስተምር የኖረ መምህር ነው።

መኪናዋ ላዳ 2101 ናት። የዘር ሐረጓ ከጣልያን ይመዘዛል፤ ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ባደረገችው ስምምነት መሠረት በቶሊያቲ ከተማ በተተከለው ፋብሪካ፣ ፊያት 124 ተሻሽላ በ1970 መመረት ጀመረች። አዲስ አበባን በሰማያዊና በነጭ ቀለም ያገለገሉት የላዳ ታክሲዎች የዚችው ቤተሰብ ናቸው። የእኔዋ የአባቴ ቅርስ ናት። አባቴ በእርሷ ታክሲ እየሠራ ነው ያስተማረኝ፤ ስለዚህ ብትሰበርም እጠግናታለሁ እንጂ አልሸጣትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጠዋት ስትነሣ ከኮፈኗ ሥር ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረች። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። እኔም የቫልቭ ክፍተት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ በቀዝቃዛ ሞተር መሆን የሚገባውን 0.15 ሚሊሜትር ጠብቄ አስተካከልኩ። ድምፁ ግን አልተለወጠም።

በዚያው ሰሞን እናቴን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አደርሳት ነበር። ስትመለስ ራሷን ያማታል። «ዕድሜ ነው» ትላለች፤ እኛም ዕድሜ ነው አልን። መኪናዋ ውስጥ የነበረውንም ሽታ የአሮጌ መኪና ጠባይ ነው ብለን ለመድነው።

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ወደ ሥሩ ለመውረድ በመጀመሪያ ጆሮ ለምን እንደሚያሳስት እንመልከት። ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 400 ጊዜ ጭስ ያስወጣል። እያንዳንዱ ቫልቭም በደቂቃ 400 ጊዜ ይከፈታል፤ ይዘጋል። ስለዚህ የላላ ቫልቭና የሚያፈስ የጭስ ማኒፎልድ አንድ ዓይነት ምት አላቸው። ምቱን መቁጠር አይለያቸውም፤ የሚለያቸው መንሥኤውን መንካት ነው። የአንዱን ሲሊንደር ካንዴላ ሥራ ብታስቆሙት በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ፍንዳታ አይኖርም፤ የሚያፈሰው ጋዝም ግፊቱ ስለሚወርድ ድምፁ ይለሰልሳል። ድምፁ የቫልቭ ከሆነ ግን እንደነበረ ይቀጥላል። እኔ ይህን ሙከራ ያደረግሁት ዘግይቼ ነው። የአራተኛው ሲሊንደር ሲቋረጥ ጠቅ ጠቁ ጠፋ። በባትሪ ሳየውም ከመጋጠሚያው ጠርዝ ላይ ጥላሸት ተጋግሮ ነበር።

አሁን ስሕተቴን ልናዘዝ። ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር የሚታሰረው በዳዶዎች ነው። ያፈሳል ማለት ላልቷል ማለት ነው ብዬ ረጅም ቁልፍ አንሥቼ አጠበቅሁት። ድምፁ ለሁለት ቀን ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን ብሶበት ተመለሰ። እንደገና አጠበቅሁ። በዚህ ጊዜ ዳር ላይ ያለው ጥርሳም ዘንግ ከቴስታታው ጋር እኩል ሆኖ ተቆረጠ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ይኸው ነው።

መኪናዋን አስጎትቼ የወሰድኩባቸው አንድ አረጋዊ መካኒክ የተሰበረውን ካዩ በኋላ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ዶክተር፣ ይሄ ብረት ሲሞቅ የት ይሂድ?»

ጥያቄው የእኔ የፈተና ጥያቄ ነው። በወረቀት ላይ እንሥራው። ማኒፎልዱ ግራጫ ብረት ሲሆን፣ ለአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሰፋው በእያንዳንዱ ሜትር 11 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ የእርሱ መጠን እጥፍ፣ ማለትም 22 ገደማ ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ቆሞ «አሉሚኒየሙ ይበልጥ ይሰፋል» ብሎ ይመልሳል። ሆኖም ሁለቱ እኩል አይሞቁም። ቴስታታውን ውኃ ያቀዘቅዘዋል፤ ሙቀቱ በ70 ዲግሪ ያህል ይጨምራል እንበል። የማኒፎልዱ ደግሞ በአማካይ በ400 ዲግሪ ይጨምር። ርዝመታቸውን 400 ሚሊሜትር ብንወስድ፣ ቴስታታው በ0.6 ሚሊሜትር፣ ማኒፎልዱ በ1.8 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር ይበልጣል።

ያ ትርፍ ርዝመት መሄጃ ያስፈልገዋል። የማኒፎልዱ ቀዳዳዎች ከዘንጎቹ ሰፋ ተደርገው የተበሱት ለዚህ ነው፤ ብረቱ በጋርኒሲዮኑ ላይ ወደ ዳር ይንሸራተታል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ከልክ በላይ ስናጠብቀው ግን መንሸራተቻ እንነሣዋለን። ብረቱም መሄጃ ሲያጣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ወይም ዘንጉን ይቆርጣል። ጠዋት ጮኾ ሲሞቅ ዝም የሚለውም ስለዚህ ነው፤ የተጣመመው ጠርዝ ሲሞቅ ሰፍቶ ክፍተቱን ይዘጋዋል። እኔ በጉልበት የዘጋሁት ክፍተት የመጣመሙ ውጤት ነበር፤ ጉልበቴ ደግሞ መጣመሙን አባሰው።

ጥገናው ይህን ይመስል ነበር። የተቆረጠውን ዘንግ አልሰረሰሩትም፤ መሰርሰሪያ ከብረት ይልቅ ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ማዘንበል ይቀናዋልና። በጉቶው ላይ ዳዶ በየዱበት፤ ሙቀቱ ዝገቱን ስላላቀቀው ቀስ እያሉ አወጡት። ከዚያም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት በማኒፎልዱ ፊት ላይ አጋድመው ስስ የመለኪያ ቅጠሎችን አስገቡ። በአራተኛው ሲሊንደር በኩል 0.35 ሚሊሜትር ክፍተት ተገኘ። አዲስ ጋርኒሲዮን ብቻ ብንቀይር ኖሮ በወር ውስጥ ይቃጠል ነበር።

ማኒፎልዱ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተላገ። እዚህ ላይ በላዳ ሞተር አንድ ወጥመድ አለ። የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልዶች በአንድ ወገን ተቀምጠው አንድ ጋርኒሲዮን ይጋራሉ፤ አንዳንዱ ዳዶም በሰፊ ሮንዴላ ሁለቱን ባንድነት ይይዛል። የአንዱን ፊት ብቻ ልገን ካሳነስነው ሮንዴላው ያዘነብላል፤ አንዱን ሲጨብጥ ሌላውን ይለቃል። ስለዚህ የሁለቱንም የጠርዝ ውፍረት ለክተን አስተካከልን። ከዚያ አዲስ ዘንግ፣ አዲስ ጋርኒሲዮንና መዳብ የተቀባ ዳዶ ገባ። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በቶርክ ሬንች ከ21 እስከ 26 ኒውተን ሜትር ባለው ልክ አጠበቅን። ብዙ ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላም በቀዝቃዛ ሞተር እንደገና ፈተሽነው። በረጅሙ ቁልፌ ከዚህ ልክ ምን ያህል አልፌ እንደነበር ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ወደ እናቴ ልመለስ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ይህ በሁለት መንገድ ይጎዳናል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ አየር ስለሚያጥረው ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ በዚህም ካርቦን ሞኖክሳይድ አብዝቶ ያመርታል። የሚተነፍሰውም ሰው አስቀድሞ ያለው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። ከማኒፎልዱ ያመለጠ ጋዝ ማርሚታው ጋ ሳይደርስ ኮፈኑ ሥር ይቀራል፤ በአሮጌ መኪና የገመድና የቱቦ ማለፊያ ጎማዎች ስለሚሰነጠቁም ወደ ተሳፋሪው ይገባል።

የእናቴ ራስ ምታት ከጥገናው በኋላ ቀርቷል። መንሥኤው ጋዙ እንደነበረ ግን በልኬት አላረጋገጥኩም፤ ባልለካሁት ነገር ልምልላችሁ አልችልም። የማውቀው፣ የመኪናዋን ድምፅ ስሰማ እናቴን አለመስማቴን ነው። ሁለቱን ምልክቶች አንድ ላይ አስቀምጬ አላየኋቸውም።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ የምትሠሩት ድልድይም ይሁን የእንፋሎት ቧንቧ፣ ያፈሰውን መጋጠሚያ ከማጥበቃችሁ በፊት የመካኒኩን ጥያቄ ጠይቁ፤ ሲሞቅ የት ይሂድ? መጋጠሚያ ጥሩ የሚባለው ጋዙን ይዞ ብረቱን ሲያንቀሳቅስ ነው። እቤታችሁም አሮጌ መኪና ካለ፣ ጠዋት ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አትልመዱት፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም ሞተር አታስነሡ።

የፈተናውን ጥያቄ አሁንም እሰጣለሁ፤ ሥዕሉ ግን ተለውጧል። ቀድሞ ሁለት ዘንጎች ነበሩ፤ አሁን የላዳ ማኒፎልድ ነው።